“እምቢ” በሉን!

ግጥም ጽፋችሁ ለመጽሔት ልካችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ጎረቤታችሁ ካላወቀ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁት። በዚህች አገር ግጥም ሞክሮ የማያውቅ ሰው ማግኘት፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ባዶ ታክሲ እንደማግኘት ነው። ሁላችንም በሆነ ዘመን፣ በሆነ ደብተር የኋላ ገጽ ላይ፣ በሆነ ሰው ወይም በአገር ምክንያት ጽፈናል። ደፈር ያልነው ደግሞ ልከናል።

የላክን ሰዎች ሁላችንም የምናውቀው አንድ መልስ አለ። ዝምታ ይባላል።

የዛሬው ጠቤ ከዚህ ዝምታ ጋር ነው። ክርክሬ አጭር ነው። የግጥማችን ችግር መጥፎ ግጥም መብዛቱ አይደለም፤ መጥፎ ግጥም በየትም አገር ሞልቷል። ችግሩ “ይሄ አይሆንም፤ የማይሆነውም በዚህ በዚህ ምክንያት ነው” የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። የአርታኢ “እምቢ” ከመካከላችን ሞቷል። ለቅሶ የተቀመጠለት፣ ድንኳን የተተከለለት ግን የለም።

በራሴ ልጀምር። ሰውን ከማማት ራስን ማማት ይቀላል።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ሦስት ግጥሞች መረጥኩ። ከ40 ምናምን ግጥም ውስጥ ነው እንግዲህ፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ በገጽ ሒሳብ አስጻፍኳቸው። ጸሐፊዋ “ደረቅ” የሚለውን “ደረት” ስላደረገችው አንዱን ገጽ ሁለቴ ከፈልኩ። ቡናማ ፖስታ ገዛሁ። ከዚያ መሀል ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የመጽሔቱ ቢሮ ሄድኩ። የመጽሔቱን ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ መጽሔት ነገር ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ።

በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ “ልጄ፣ ማስታወቂያ ይዘሽ ነው?” አሉኝ። “አይ ጋሼ፣ ግጥም ነው” ስላቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘኔታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ማስታወቂያ ይዞ የመጣ ሰው በሊፍት ይወጣል፤ ግጥም ይዞ የመጣ በደረጃ። (ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር። ቢሆንም።)

ፖስታውን የተቀበለችኝ ልጅ ቀና ሳትል “እዚያ አስቀምጪው፤ ይታያል” አለችኝ። “ይታያል” የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ማን ነው የሚያየው? መቼ ነው የሚያየው? አይታወቅም። ግሡ ባለቤት የለውም። እንደ ዝናብ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ደወልኩ። “አዘጋጁ ስብሰባ ላይ ነው።” በወሩ ደወልኩ። “የዚህ ወር እትም ተዘግቷል።” በሁለተኛው ወር ደወልኩ። “የምን ግጥም?” ከዚያ በኋላ ተውኩት። ሰው ከራሱ ጋር ዕርቅ የሚያወርደው ስልክ መደወል ሲያቆም ነው።

በአራተኛው ወር ግጥሜ ወጣ። ማንም አልነገረኝም። የነገረችኝ የክፍሌ ልጅ ናት፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ለምን እንደሳቀች የገባኝ ገጹን ሳየው ነው።

ግጥሙ ስለ አባቴ ነበር። ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ በክረምት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ይጠብቀኝ ነበር። የራሱ ትከሻ በስብሶ እኔ ደርቄ እንገባለን። አምስት አንጓ አለው። አራቱ አንጓዎች “አንተ” እያሉ ስለ ጃንጥላው፣ ስለ ካፖርቱ፣ ስለ መጠበቁ ያወራሉ። አምስተኛው አንጓ ነው “አንተ” የተባለው አባቴ መሆኑን የሚገልጸው። በዚያ ዕድሜዬ ይቺን ትልቅ ጥበብ አድርጌ ቆጥሬያት ነበር።

ከታች ግማሽ ገጽ የሪል እስቴት ማስታወቂያ ገባ። አምስተኛው አንጓ ወጣ።

አባቴ ከአራት አንጓ በኋላ ፍቅረኛዬ ሆኖ አረፈው። ገጹም “የፍቅር ገጽ” ነው። ከጎኑ ቀይ ጽጌረዳ ተለጥፎበታል። ስሜ ግን አንድም ፊደል አልተሳሳተም፤ እንዲያውም በደማቁ ነው የተጻፈው።

አባቴ ጡረተኛ ነው። “የልጄ ጽሑፍ ወጣ” ብሎ ከአዟሪው አምስት ቅጂ ገዝቶ፣ ከማንበቡ በፊት አራቱን ለጎረቤት አድሏል። ማታ ስገባ መነጽሩን አድርጎ መጽሔቱን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ብዙ ዝም ካለ በኋላ “ልጄ፣ ይሄ ባለ ጃንጥላ… ቤተሰቦቹ ከየት ናቸው?” አለኝ።

ዛሬ ሳወራው እስቃለሁ። ያን ቀን አልሳቅኩም። በእጅ የጻፍኩትን ደብተር አምጥቼ አምስተኛውን አንጓ አስነበብኩት። አንብቦ ሲጨርስ “ታዲያ ይቺን ለምን ተዋት?” አለ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

በማግስቱ ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ። አዘጋጁ ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ። ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ “እንኳን ወጣልሽ! ስንቱ ይለምነናል።”

ወጣልሽ። የዕቁብ ዕጣ ነው የሚመስለው። ለነገሩ በዕቁብም ቢሆን ቀድመህ የከፈልከው ገንዘብ ነው የሚወጣልህ፤ እንደ ልመና አይቆጠርብህም። እዚህ ግን ሥራህን ሰጥተህ፣ ሳይከፈልህ፣ ሳይነገርህ፣ ተቆርጦ ወጥቶ፣ “እንኳን ወጣልህ” ትባላለህ።

ሕግም አለ እኮ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሞራል መብት የሚባልም ሰጥቶታል። ሥራው በስሙ እንዲታወቅለት፣ ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መንገድ ተቆርጦ ወይም ተዛብቶ ሲቀርብ እንዲቃወም። አዋጁ “ልቦለድ ብቻ” አይልም፤ ግጥምም ሥራ ነው። ግን ለአንድ አንጓ ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው አለ? የለም። ሕጉ እዚያ፣ እኛ እዚህ። ስለዚህ የማወራው ስለ ሕግ ሳይሆን ስለ ወግ ነው።

ከአዘጋጁ ቢሮ ስወጣ ደረጃው ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ጠሩኝ። የመጽሔቱ አራሚ ናቸው። እጃቸው ላይ ቡናማ ፖስታዬ አለ። የቀሩት ሁለት ግጥሞች ውስጡ ናቸው፤ በእርሳስ ተጽፎባቸዋል።

“ልጄ፣ እነዚህ ሁለቱ አይሆኑም” አሉኝ። ልቤ ቀጥ አለች። “ይሄኛው ላይ ቤት እንዲመታልሽ ብለሽ የማታምኚበትን ቃል አስገብተሻል። እይው፣ ‘ጽልመት’ አልሽ። አንቺ ቤት ‘ጽልመት’ የሚል ሰው አለ? ይሄኛው ደግሞ ሦስተኛው አንጓ ላይ አልቋል፤ አንቺ ግን ማለቁን ስላልሰማሽ ሌላ ሁለት አንጓ ቀጠልሽ።”

“ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

አስራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው የቆምነው። ከዚያ በፊት ከዘመድና ከጓደኛ “በርቺ” ስባል ነው የኖርኩት። “በርቺ” ቆንጆ ቃል ነው፤ ግን የትኛው ስንኝ ላይ እንደምበረታ አይነግርም። በዚያ ደረጃ ላይ የተቀበልኩት “አይሆንም” በሕይወቴ የመጀመሪያው የሥነ ጽሑፍ መልስ ነበር። ከወጣው ግጥሜ ይልቅ ያልወጡት ሁለቱ አስተማሩኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ያ እርሳስ ለምን በድብቅ፣ ደረጃ ላይ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ይሰጠኛል? ዋናው የመጽሔት ሥራ እሱ አልነበረም እንዴ?

“ባህላችን ፊት ለፊት አይናገርም፤ ይሉኝታ አለብን” እንዳትሉኝ። የዚህች አገር የግጥም ትምህርት የተገነባው በ“እምቢ” ላይ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ የቅኔ ቤቶቹን አስቡ። ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያቃናል፣ ይጥላል፣ ያስደግማል። ጓደኞቹ እየሰሙ ነው ታዲያ። በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ያልጠናበትን ዘሎ “መወድስ ይውጣልኝ” ማለት የለም። አንዴ የተባለ ቅኔ ደግሞ ለነገ አይሆንም፤ ነገ ሌላ ይቆጠራል፣ ሌላ ይታረማል።

እንደኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አርታኢ የቅኔ መምህሩ ነው። ቢሮ የለውም፣ ጸሐፊ የለውም፣ ሊፍት የለውም። መልሱ ግን ዕለቱን ነው። ቆሎ ተማሪ የዕለት ጉርሱን በየደጁ ይለምናል፤ መልስ ግን አይለምንም። እኛ ተገላበጠብን። ጉርሱንስ እንደምንም ራሳችን ችለናል፤ የምንለምነው መልስ ነው።

ታዲያ ይሄ “እምቢ” የት ገባ? የኔ ግምት እንዲህ ነው። በመካከል ሌላ ዓይነት “እምቢ” መጥቶ ስሙን አጠፋው። በንጉሡም በደርግም ዘመን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ሳንሱር ያልፍ ነበር። ቅድመ ምርመራ የቀረው በ1985 በወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ነው። እሰይ! ነገር ግን ከሳንሱር ጋር አብሮ ሌላም ነገር የተባረረ ይመስለኛል። ዛሬ አንድን ገጣሚ “ይሄ ስንኝ ደከም ብሏል” በሉት፤ “ሳንሱር ልታደርገኝ ነው?” ይላችኋል።

ሁለቱ ግን አይገናኙም። ሳንሱር “ይሄ ግጥም ማንን ያስቆጣል?” ብሎ ይጠይቃል። አርታኢ “ይሄ ግጥም በራሱ ይቆማል ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ሳንሱር ጠንካራውን ስንኝ ነው የሚቆርጠው፤ አርታኢ ደካማውን። ሳንሱር ምክንያቱን አይነግርህም፤ አርታኢ ምክንያቱን ካልነገረህ አርታኢ አይደለም። እናም አስቡት፤ ምክንያት ሳይነግር የሚጥል፣ ሳያስፈቅድ የሚቆርጥ መጽሔት ለማን ነው የሚቀርበው? በሪል እስቴት ማስታወቂያ የተቆረጠ አንጓ በመቀስ ከተቆረጠ አንጓ በምን ይሻላል?

“እምቢ” ሲጠፋ ባዶ ቦታ አልተወም። በቦታው ጭብጨባ ገባ።

የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። መጽሔት መልስ ያልሰጠው ልጅ ገንዘብ ተበድሮ በራሱ ወጪ 1,000 ቅጂ ያሳትማል። የጀርባ ሽፋኑ ላይ አምስት ታዋቂ ሰዎች “ተስፋ የሚጣልበት ብዕር” ብለው ይጽፋሉ። ስንቶቹ እንዳነበቡት እነሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ከዚያ አዳራሽ ተከራይቶ ያስመርቃል። ምረቃ ላይ የሚነገረው ሁሉ ምርቃት ነው፤ ሰርግ ላይ ሙሽራዋን የሚተች የለም። ከዚያ መጽሐፉ በካርቶን ሆኖ አልጋ ሥር ይገባል። ደራሲው በቦርሳ እየያዘ ለጓደኞቹ ይሸጣል፤ ጓደኞቹ እሱን ሲያዩ መንገድ መቀየር ይጀምራሉ። በመጨረሻ “ይሄ ሕዝብ አያነብም” ይላል።

ወንድሜ፣ ሕዝቡ ላያነብ ይችላል። ግን ያንተን መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በእርሳስ ያነበበው ሰው አለ? አንድ ሰው?

መድረኩም እንደዚያው ነው። ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ለመስማት ተጋፍተን የገባን ትውልድ ነን፤ ወድጄዋለሁ፤ ውለታም አለበት። አዳራሽ ሙሉ ወጣት ቲኬት ገዝቶ ግጥም መስማቱ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ሳክስፎን ደካማ ስንኝ ይሸፍናል። ጭብጨባም ማረም አይችልም። ጭብጨባ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሞቅ ማለትና ቀዝቀዝ ማለት። አሁን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ሆኗል። ሌሊት የተጻፈ ግጥም ሌሊቱን ይለቀቃል፤ ጠዋት 300 ልብ ተሰጥቶት ያድራል። ልብ አይጎድልም። እርሳስ ግን የለም።

አሁን ደግሞ ወደኛ ወደ ላኪዎቹ ልዙር። አዘጋጆቹን ብቻ ወቅሼ ባልፍ አራሚው ጋሼ “ሦስተኛው አንጓ ላይ ጨርሰሽ ነበር” ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ለአንድ ሕትመት ግጥም የመምረጥ ሥራ ለጥቂት ወራት ሞክሬያለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ ሌሊት 17 ግጥም የሚልክ አለ፤ ከሥሩ “መርጠሽ አውጪ” የሚል። እኔ ከአንተ ግጥም የምመርጥ ከሆነ አንተ ምን ሠራህ? አንዱን ግጥም ለአራት ቦታ ልኮ፣ ሁለቱ ላይ ሲወጣለት ሦስተኛውን የሚሰድብ አለ። መጽሔቱን አንድም ቀን ገዝቶ ሳያውቅ “ለተከበረው መጽሔታችሁ” ብሎ የሚጀምር አለ። በደወለ በሁለተኛው ቀን “አየሽው?”፣ በሦስተኛው ቀን “አየሽው?”፣ በአራተኛው ቀን የአክስቱን ልጅ የሚያስደውል አለ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ተጨንቄ፣ ተጠብቤ፣ አንድ ገጽ ምክንያት ጽፌ “ለጊዜው አይሆንም” ያልኩት ልጅ የመለሰልኝ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር። “ምቀኛ።”

ያን ቀን የዝምታው ምክንያት በከፊል ገባኝ። ዝም ያለ አዘጋጅ አይሰደብም። “እምቢ” ያለ ግን ምቀኛ፣ ጎጠኛ፣ ቡድንተኛ ይባላል። ስለዚህ ፈሪው ዝም ይላል፤ ደፋሩ ይሰደባል፤ ብልጡ ሁሉንም ያወጣል። ዝምታውን አብረን ነው የሠራነው።

“ሰው ካላወቅህ አይወጣልህም” የምትለውንም ላንሳት። እውነት ናት። ግን በዓለም ላይ ብቻዋን የኛ አይደለችም። ሐሪየት ሞንሮ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1912 ቺካጎ ላይ “ፖይትሪ” የተባለውን መጽሔት አቋቋመች፤ ከመጀመሪያው ጀምሮም ለገጣሚ ትከፍል ነበር። ኤዝራ ፓውንድ ለንደን ተቀምጦ ግጥም ይመርጥላት ነበር። በ1914 ማንም የማያውቀውን ቲ. ኤስ. ኤልየት የሚባል ወጣት ግጥም ላከላት። ሞንሮ አመነታች፤ በተለይ የግጥሙ መጨረሻ አልጣማትም። ፓውንድ በደብዳቤ ተሟገታት፤ መጨረሻው አይነካም አለ። ከወራት ጭቅጭቅ በኋላ ሰኔ 1915 ላይ የፕሩፍሮክ ግጥም መጨረሻው ሳይቆረጥ ወጣ።

አዎ፣ ኤልየት “ሰው” ነበረው። ግን ልዩነቱን እዩ። ፓውንድ “ልጁ ጓደኛዬ ነው፤ አውጪልኝ” አላለም። “ግጥሙ ልክ ነው፤ ልክ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው” ብሎ ነው የተከራከረው። ሞንሮም “ይታያል” ብላ አላስቀመጠችውም፤ የማይጥማትን ነገር ተናገረች። ያልጣማትንም ሳትደብቅ፣ ሳትቆርጥ አወጣችው። እኛም ዘመድ ይኑረን ካልን እንዲህ ያለ ዘመድ ይስጠን።

ደግሞም ሁሉን ከፈረንጅ እንቅዳ ማለቴ አይደለም። አሁን አሁን ብዙ የአሜሪካ መጽሔቶች ግጥም ለማየት ብቻ 3 ዶላር ገደማ ያስከፍላሉ። እሱን እዚያው ይያዙት። ከዚህ ሆኖ 3 ዶላር በኢንተርኔት ለመክፈል የሚያስፈልገው ካርድ፣ ከግጥሙ በላይ ቅኔ ነው።

አዘጋጆች የሚሰጡትን መልስ አውቃለሁ። “አንድ ሰው ነኝ፤ ዜናውንም፣ ቃለ መጠይቁንም፣ ማስታወቂያውንም የምይዘው እኔ ነኝ። ወረቀት ጨምሯል፣ ማተሚያ ቤት ጨምሯል፣ መጽሔት መግዛት ቀንሷል።” እውነት ነው። አንድም ቃል አልክድም። ግን “እምቢ” ወረቀት አይፈጅም። ማተሚያ ቤት አይገባም። “ግጥምሽን አንብበነዋል፤ አናወጣውም” ለማለት አንድ ደቂቃ፣ “ሁለተኛው አንጓ ይደክማል” ለመጨመር ሌላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። አንድ ሰው በወር ለሠላሳ ሰው ይሄን ቢያደርግ የፈጀው አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ስንት ማኪያቶ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ጥያቄያችንን እናስቀምጥ። አብዮት አይደለም፤ አምስት ነገር ነው።

1. ደንቡን ጻፉልን። ስንት ግጥም እንደምትቀበሉ፣ መቼ እንደምታዩ፣ እስከ መቼ እንደምንጠብቅ አንድ ጥግ ላይ በሦስት መስመር አትሙት። “ይታያል” ለሚለው ግሥ ባለቤትና ቀን ስጡት።

2. መልሱን። “አዎ” ከሆነ ከመውጣቱ በፊት፣ “እምቢ” ከሆነ በቀጠሮው ቀን። ምክንያት መጻፍ ካልቻላችሁ ባዶ “እምቢ”ም ከዝምታ ይሻላል፤ ሰው ሌላ ቦታ ይልካል።

3. ሳታስፈቅዱ አትቁረጡ። ቦታ ከጠበበ ለሚቀጥለው እትም አሳድሩት። ግጥም ከአንድ ወር ቆይታ አይሞትም። ከአንድ አንጓ መቆረጥ ግን ይሞታል።

4. ስሙን ሸፍናችሁ አንብቡ። የታወቀ ስም ሲያዩ ዓይናቸው የሚለሰልስ፣ የሴት ስም ሲያዩ ጽጌረዳ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። እኔ ምስክር ነኝ።

5. ክፈሉ። ብዙ መክፈል ካልቻላችሁ ትንሽ፤ ትንሽም ካልቻላችሁ ሁለት ቅጂ ስጡ። አባቴ አምስቱንም ከኪሱ ነው የገዛው።

ከኛ ደግሞ የሚጠበቀው ይሄ ነው። መጽሔቱን ሳናነብ አንላክ። ሦስት ግጥም እንጂ ሠላሳ አንላክ። አንዱን ግጥም ለአንድ ቦታ ልከን፣ የተባለውን ጊዜ እንጠብቅ። አክስታችንን አናስደውል። “እምቢ” ስንባል ደግሞ የመጀመሪያው ቀን እናልቅስ፣ ሁለተኛው ቀን እንናደድ፣ ሦስተኛው ቀን ግጥሙን አውጥተን እንየው። ልክ ያልሆነ “እምቢ”ም ይኖራል፤ አርታኢም ይሳሳታል። የተሳሳተ መልስ ግን ትሟገተዋለህ። ዝምታን ማን ይሟገተዋል?

“ዛሬውኑ ካልወጣልኝ” ለምትሉ ደግሞ አንድ ስም ልጥቀስ። የገብረክርስቶስ ደስታ “መንገድ ስጡኝ ሰፊ” የተባለው የግጥም መድበል መጽሐፍ ሆኖ የወጣው እሱ በስደት ካረፈ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዛሬ በቃላችን እንይዘዋለን። እንዲህ ቆዩ ማለቴ አይደለም፤ ያ የሱ ጥፋት ሳይሆን የዘመኑ ግፍ ነው። ግን ለሱ ግጥም 20 ዓመት ካልገደለው፣ ለኛ ሦስት ወር አይገድለንም። የሚገድለን በሦስተኛው ወር “የምን ግጥም?” መባል ነው።

አራሚው ጋሼ ከዚያች ዓመት በኋላ ጡረታ ወጡ ሲባል ሰምቻለሁ። መጽሔቱም ብዙ አልቆየም፤ እንደ ብዙዎቹ ተዘጋ። የተረፈኝ በእርሳስ የተጻፈባቸው ሁለት ገጾች ናቸው። አንዱን አስተካክዬው ሌላ ቦታ ላክሁ፤ “ጽልመት” ወጥታ “ጨለማ” ገባች፤ ቤቱም ሳይመታ ቀረ፤ ግጥሙ ግን ተሻለው። ሁለተኛውን ሦስተኛው አንጓ ላይ ቆረጥኩት። ያ ግን የኔ መቀስ ነው፤ ምክንያቱንም አውቀዋለሁ።

አባቴ ያችን “የፍቅር ገጽ” ዛሬም አልጣላትም። አምስተኛውን አንጓ በራሱ እጅ ጽሑፍ ገልብጦ፣ በሪል እስቴቱ ማስታወቂያ ላይ ለጥፎባታል። እንግዳ ሲመጣ ያነባል። ሲጨርስም “ይሄኛውን ትተውባት ነበር” ይላል።

አዘጋጆች ሆይ፣ ጡረተኛ አባት የሠራላችሁን ሥራ ለራሳችሁ መልሱት። ካልሆነም አይሆንም በሉን። እንችለዋለን። “እምቢ” በሉን፤ ምክንያቱን ግን በእርሳስ ጻፉልን።

ቸር እንሰንብት!